ሚስራ የሳቀችበት ቦታ

ዛሂራ አጥሩን ተደግፋ ለጎረቤቷ ስታወራ ወንድሟ ሰዒድ ጓሮ ሽንት ቤት ውስጥ ነበር። የቆርቆሮ ሽንት ቤት ደግሞ ውጭ የሚባለውን ሁሉ ያስገባል። «የወንድሜን ሚስት ጉድ ልንገርሽ?» አለች ዛሂራ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት። «ገና ሳይነጋ ትነሳና ጆሮዋ ላይ ገመድ ሰክታ ከሰው ወንድ ጋር ትስቃለች። ህንድ ነው አሉ። ወንድሜ እዚያው ጎኗ ተኝቶ እኮ ነው!» ጎረቤቲቱ «አዑዙቢላህ!» አለችና እሷም ሳቀች። ሰዒድ ከዚያች ጠባብ ቤት ቶሎ አልወጣም። ልጆቼ፣ ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ቀድሞ የሚያውቀውም ቢሆን አዲስ ይሆንበታል። የሚስቱን የሚስራን ሳቅ እሱም ሰምቶት ነበር። ሰምቶ፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ነበር።

የሚኖሩት ሆሳዕና ከተማ ጎፈር ሜዳ፣ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አንደኛው ክፍል የዛሂራ ነው፤ እህል፣ የቆጮ ጥቅልና የሰዒድ አሮጌ ጎማዎችም የሚያድሩት እዚያ ነው። በሁለተኛው ክፍል አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና የሚስራ ጠረጴዛ አሉ። ጠረጴዛዋ ድሮ የሱቅ ባንኮኒ ነበረች፤ ሰዒድ ነው በሸክም አምጥቶ፣ እግሯን አሳጥሮ፣ ላስቲክ አልብሶ ያስቀመጠላት። ሚስራ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። ካገባች ወዲህ ከዩኒቨርሲቲው መኝታ ወጥታ ከቤት እየተመላለሰች ነው የምትማረው። መምህሯ ደግሞ በዚህ ዓመት አዲስ ነገር አመጣ። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ካስተማራቸው በኋላ፣ «ይህንኑ ምዕራፍ አንድ የህንድ ፕሮፌሰር ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስተምረዋል፤ እሱንም ሰምታችሁ ኑ፣ እዚህ እንከራከርበታለን» ይላቸዋል። ኢንተርኔት እንደሆነ አንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንድ ሳምንት ይጠፋል። ሚስራ በመጣ ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ቁጭ ብላ ታወርዳለች፤ ምስሉ ቦታ ስለሚበላ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ዘፈን ጫኚ ድምፁን ብቻ ለይቶ ሜሞሪዋ ላይ ይጭንላታል። ዘፈን ጫኚው የሚያስከፍላት ለአንድ ዘፈን የሚያስከፍለውን ያህል ነው። «ይሄ ዘፋኝ ረጅም ይዘፍናል» ይላታል ሁልጊዜ። እሷም ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሊነጋጋ ሲልም ህንዱን ታዳምጣለች። አንድ ለአምስት የተደራጁት ጓደኞቿም የሚሰሙት ከእሷ ሜሞሪ ነው።

ሰዒድ ይህን ሁሉ ያውቃል። የህንዱንም ፎቶ አይቶታል፤ ራሱ የተመለጠ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የወረደ፣ የሰዒድን አባት የሚያህል ሰው ነው። መልኩን ቢሆን ማን ይቀናበታል? ሳቁ ነው እንጂ። ያን ዕለት ንጋት ላይ ሚስራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሰዒድ የተኛ መምሰሉን ትቶ ቀና አለና «ምን አሳቀሽ?» አላት። አንደኛውን ገመድ ከጆሮዋ ነቅላ አየችው። ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ከዚያ ሰዓቱ ታወሳት መሰለኝ «ተወው፣ ብነግርህም አይገባህም» ብላ ገመዱን መለሰችው። በክፋት አላለችውም። ነገር ግን ሰዒድ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ ያቺን «አይገባህም» የምትል ቃል ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ስቆ ያልፋት ነበር። ከጋብቻቸው በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት እሱም ያስቃት ነበር፤ የተሳፋሪ አነጋገር እያስመሰለ፣ የትራፊክ ፖሊስ አካሄድ እያሳየ። አሁን በሁለቱ መሃል ያለው ወሬ «ምሳ ትመጣለህ?»፣ «አልመጣም»፣ «ውሃ መጥቷል?»፣ «አልመጣም» ነው።

ከሽንት ቤት ሲወጣ ዛሂራ ከአጥሩ ርቃ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው። ሚስራ ጓሮ ለሶላት ውዱእ ታደርጋለች። ስልኳ መስኮቱ ላይ ቻርጅ ተሰክቷል። ሰዒድ ስልኩን ነቀለው፣ ጀርባውን ፈለቀቀ፣ ባትሪውን አወጣ፣ ከሥሩ ያለችውን የጥፍር ታህል ሜሞሪ በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወጣትና ሸሚዝ ኪሱ ከተታት። ባትሪውን መልሶ ከደነው። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ዙሪያውን አየ። ቁርስም ሳይበላ ወጣ።

መናኸሪያ ሲደርስ ረዳቱ ዳኘ «ሺንሺቾ! ሺንሺቾ! አንድ ሰው የቀረው ሺንሺቾ!» እያለ ገና ባዶ የሆነውን ሚኒባስ ይዞራል። ዳኘ ከሰዒድ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ወፍራም፣ ድምፁ የጎረነነ ሰውዬ ነው። «ምነው ሰዒዶ፣ ፊትህ የትናንት እንጀራ መሰለ?» አለው። ሰዒድ አልመለሰለትም። መኪናው ተራውን ጠብቆ እየሞላ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሚስራ ነበረች።

«ሰዒድ፣ ሜሞሪዬን አይተሃል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ከስልኬ ውስጥ የለም እኮ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ክፍሉ ፊት ቆሜ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ የአምስታችንም ውጤት በእኔ ላይ ነው። መጨረሻውን ገና አልሰማሁትም። ኔቱም ከጠፋ ሰነበተ፣ ሌላ ቦታ አላገኘውም።»

«እንግዲህ ፈልጊያ» አለና ዘጋው። ወዲያው ግን እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። መስበር ይችል ነበር፤ እንደ ጥፍር ቀጭን ናት። እንዲያው አንዴ ልስማው ብሎ አሰበ። ከዚያ ደግሞ፣ ብሰማውስ በምኔ እረዳዋለሁ? አለ። እንግሊዝኛው ከ«ስቶፕ» እና ከ«ናምበር» አያልፍም።

ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ አየ። ጋሼ ሳህሉ ናቸው፣ ሺንሺቾ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስተምረው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ሰዒድ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ጋሼ፣ ጋቢና ይግቡ፣ እኔ ጋ» አላቸው። ጋቢና ቀድሞ የተቀመጠውን ወጣት ነጋዴ «ውረድልኝ ወንድሜ፣ ለሽማግሌ ነው» ብሎ ወደ ኋላ ሰደደው። ዳኘ ለሂሳብ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ «የእሳቸውን ተው» አለው። ጋሼ ሳህሉ ተገረሙ። «ልጄ፣ አስተምሬህ ነበር እንዴ?» አሉ። «የለም ጋሼ፣ ዛሬ ያስተምሩኛል» አላቸው ሰዒድ።

ከተማውን እንደወጡ ሜሞሪዋን ፍላሽ ውስጥ ከቶ ቴፑ ላይ ሰካት። የወትሮው መንዙማም ዘፈንም አልመጣም። አንድ የሰውዬ ድምፅ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል፣ በአፍንጫው የሚያወጣው የሚመስል እንግሊዝኛ ሚኒባሱን ሞላው። ከኋላ አስናቀች የምትባል፣ ቅቤ ልትገዛ ወደ ሺንሺቾ ገበያ የምትሄድ ነጋዴ «ሹፌር! ምንድን ነው ይሄ፣ ሬዲዮ ነው? ጦርነት መጣ?» አለች። ሰው ሳቀ። ዳኘ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዝም በሉ እናንተ፣ ሹፌራችን ውጭ ሊሄድ ቋንቋ እየተማረ ነው» አለ።

ሰዒድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ወደ ጋሼ ሳህሉ ጎንበስ አለ።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ስለ ኩላሊት ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይበል? በአንዷ ኩላሊት ውስጥ ሚሊዮን ያህል ማጣሪያ አለ ይላል።»

«ስለ ሴት አላነሳም?»

ጋሼ ሳህሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ሴትም ኩላሊት አላት፣ ልጄ። ሁለት።»

ሰዒድ ፊቱ ተለበለበ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በግራም በቀኝም የእንሰት ማሳ፣ ቅጠሉ ጤዛ እንደተሸከመ ነው፤ ሩቅ የሀምበሪቾ ተራራ አናቱን ጉም ሸፍኖታል። ይህን መንገድ በእንቅልፍ ልቡ የሚነዳው ሰው ዛሬ ሁለት ጊዜ ማርሽ አጮኸ። ህንዱ አያባራም። ጋሼ ሳህሉ መጀመሪያ ለሰዒድ በሹክሹክታ ነበር የሚተረጉሙት፤ በኋላ ግን አስናቀች «ጋሼ፣ ለእኛም ከፍ አርጉልን እንጂ፣ እኛስ ኩላሊት የለንም?» ስትላቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው የድሮ የክፍል ድምፃቸውን አወጡ። ደሙ እንዴት እንደሚገባ፣ ቆሻሻው እንዴት እንደሚቀር፣ ውሃ የማይጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን። አንዱ ገበሬ «ጠጠሩስ? ስለ ጠጠሩ አይናገርም?» ብሎ ጠየቀ፤ ጎረቤቱ ጠጠር ይዞት ነበርና። አንዲት እናት ለጎኗ ሴትዮ በሀዲይኛ ታቀብላለች። ሚኒባሱ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ወትሮ ስለ ቅቤ ዋጋና ስለ ቀብር የሚያወራ ሰው።

ሰዒድ ግን ኩላሊቱ አልነበረም የሚያሳስበው። ይህ ሰው እንዴት ቢናገር ነው ሚስቴ የምትስቀው? ይላል በልቡ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ የእሷን ጆሮ ያያል፤ ያቺን ገመድ የተሰካችባትን፣ ቅንጣት የምታህል ወርቅ እንኳ ያላንጠለጠለላትን ጆሮ። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ዘይት ሲንጠባጠብብኝ ይህ ሰውዬ በየንጋቱ ቤቴ ይገባል። ገብቶም ያስቃታል። እኔ ስገባ ግን መብራት ታጠፋለች። እንዲህ እያለ ሳለ ቴፑ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሳቀ፤ የህንዱ ተማሪዎች ናቸው። ጋሼ ሳህሉም ሳቁ። ከዘራቸው ከጉልበታቸው ላይ እስኪወድቅ።

ሰዒድ ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ መንገድ ዳር ቆመ። «ምን አለ?» አላቸው። «እዚህ ጋ ምን አለ ጋሼ? በአላህ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

ጋሼ ሳህሉ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ቀለደ እኮ ነው። ‘ኩላሊት እንደ ባለቤቴ ናት’ አለ። ‘ቀን ትሠራለች፣ ሌሊት ትሠራለች፣ እኔ ተኝቼም እሷ አትተኛም። ቆሻሻዬን ሁሉ ታጣራልኛለች። አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም፤ እሷም አንድ ቀን ቃል ተናግራ አታውቅም። ቃል የተናገረች ቀን ግን፣ ልጆች፣ ያን ቀን ለሐኪሙም ረፍዷል’ አላቸው።»

ከኋላ መጀመሪያ የሳቀችው አስናቀች ናት። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ። ያቺ እናት በሀዲይኛ ስታቀብል ጎኗ ያለችው ሴትዮ ጭኗን እየመታች ሳቀች። «ወይ ይሄ ህንድ!» አለች አስናቀች፤ «ለተማሪ ከሚነግር ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ቢነግራት ምን ነበረበት?» ወንዶቹም ሳቁ፣ ግን የእነሱ ሳቅ ቶሎ አለቀ። ጋሼ ሳህሉ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ፊት ዞረው ተቀመጡ። «ቀናሁበት» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ዘመን አስተማርኩ፤ አንድ ነገር ተማሪ ልብ ውስጥ እንዲህ አድርጌ አስቀምጬ አላውቅም። ቀናሁበት።»

ሰዒድ ሽማግሌውን አያቸው። እንዲህ በቀላሉ ይባላል እንዴ? እሱ ከንጋት ጀምሮ ይዞት የሚዞረውን ነገር፣ እኚህ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ አወጡትና ተገላገሉት። ቴፑን ዘጋው። መኪናውንም አስነሳ። ሚስራ የሳቀችበት ቦታ ደርሶ ነበር፤ ገብቶትም ነበር። ስለ ገባው ነው ቴፑን የዘጋው። አልጋው ላይ ተኝቶ ዓይኑን የጨፈነ ባል፣ ጎኑ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ የምትስቅ ሚስት፤ ቀልዱም ስለ ሁለቱ ነበር። በደስታ ብቻም አልነበረም የሳቀችው።

ሺንሺቾ ሰው እንዳራገፉ የተራ አስከባሪው ገብረወልድ መጥቶ የመኪናውን ጎን መታ። «ሰዒድ፣ ከፊትህ ሦስት አሉ፤ ሻይህን ጠጣ፣ ከቀትር በፊት አይደርስህም።» ሰዒድ ሰዓቱን አየ፣ ፀሐዩንም አየ። «ባዶዬን እመለሳለሁ» አለ። ዳኘ የያዘውን ሙዝ ከአፉ አወጣ። «ምን? ባዶህን? በገበያ ቀን? አሞሃል እንዴ ሰውዬ?» «ግባ» አለው። «የታመመ ሰው አለ?» «ግባ ብዬሃለሁ ዳኘ።» ገብረወልድ «መንገድ ላይ አንድ ሰው ብታነሳ ነገ ተራ የለህም!» ብሎ ከኋላ ጮኸ። አላነሳም። በየመንደሩ እጅ የሚዘረጋውን ሰው እያለፈ፣ ዳኘ «ያውልህ ሁለት ሰው! ያውልህ ቤተሰብ!» እያለ ሲያለቅስበት፣ ሆሳዕና ገባ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ ደወለላት። መጣች፣ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጥላ፣ እየተጣደፈች። ፊቷ ገርጥቷል። ሜሞሪዋን በመዳፉ ይዞ ዘረጋላት።

«የት አገኘኸው?»

«ቤት…» ብሎ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ተወው። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«አውቄያለሁ» አለች። «ስልኬን ስከፍተው ቀኑ ጠፍቶበት ነበር። ባትሪው ካልወጣ ቀን አይጠፋበትም። ዛሂራ ደግሞ ባትሪ ማውጣት አታውቅም።»

«ታዲያ ለምን ደወልሽልኝ?»

«ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

ሰዒድ መሬት መሬቱን አየ። ተማሪዎች በጎናቸው ያልፋሉ። «የሳቅሽበት ቦታ ደርሻለሁ» አላት። «ጋሼ ሳህሉ የሚባሉ አስተማሪ ናቸው የተረጎሙልኝ።»

«ገባህ?»

«ገባኝ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ እንደዚያች አትሁኚ፣ ሚስራ። እስኪረፍድ አትጠብቂ። የምትናገሪው ካለሽ አሁን ተናገሪ።»

ሰዒድ የሚያለሳልስ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ፤ እሷ ግን ሜሞሪዋን ስልኳ ውስጥ እየከተተች፣ «እሺ ልናገር» አለች። «ስልኬን ሁለተኛ እንዳትነካ።»

«እሺ።»

«ለዛሂራም ንገርልኝ። አጥር ላይ ሆና ስሜን አታንሳ።»

ይህኛው ከበደው። ዛሂራ ታላቁ ናት፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደገችው እሷ ናት። «ሰምተሻል እንዴ?» አላት።

«አጥሩ ከእኔ ጓዳ በምን ይርቃል?»

«…እሺ» አለ። «ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ሌላስ?»

«ሌላውን ማታ። አሁን ልሂድ፣ መጨረሻውን እየሄድኩ ልስማው።» ገመዷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመልሳ «ምሳ በላህ?» አለችው። «አልበላሁም» አላት። ራሷን ነቀነቀችና ገባች።

ሰዒድ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ቅናቱ ወጣለት ብላችሁ እንዳታስቡ። አልወጣለትም፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። ያን ነገር ያወራላት ህንዱ ሳይሆን እኔ በሆንኩ ብሎ ተመኘ፤ ሊነግራት ያልሞከረው የራሱ ቀልድ ሁሉ ደረቱ ውስጥ ተደርድሮ ታየው። ሚስራ በዛፎቹ መሃል፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ድምፁን ወደ ኋላ መልሳው ይሁን ድንገት፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ጋ ልትደርስ ስትል ቆመች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እጇም ወደ አፏ ሄደ። የት ቦታ እንደደረሰች አወቀ። የእሱም ከንፈር ሳያዘው ተላቀቀ።

በሩ ላይ የምትፈትሸው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ትርፌ የሚሏት ጠና ያለች ሴት፣ ስታየው ቆይታ ነበር። «አንተ ወንድሜ፣ ብቻህን ምን ያስቅሃል?» አለችው።

ብነግርሽም አይገባሽም ሊላት ነበር። ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ዳኘ ከመኪናው ጡሩምባ እየነፋ ሲጣራ፣ ሰዒድ ወደ ሴትዮዋ ቀረብ አለና «ስለ ኩላሊት ነው» አላት፤ «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረላት።